ከነሳሉ

ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሙሉ ቤተሰብ ፊኛ እንደያዘ አርባ ደቂቃ አስቁሜአለሁ። ያስቆምኳቸው በአንዲት ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛን ገፊዎቹን በሬዲዮ የሚያሰማራን ሰውዬ፣ ድምፁ እንጂ መልኩ የማይታይ፣ «እዚያ በር ላይ የሚጠብቅሽ መንገደኛ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከአውሮፕላኑ ሰው ሁሉ ወርዶ አልቋል፤ ይመጣሉ የተባሉት ሽማግሌ የሉም። እኔም ሬዲዮዬን ተጭኜ፣ በኩራት፣ «ናውት» አልኩት። ምንም የለም ማለቴ ነው። እሱ ግን «ናው አውት» ብሎ ሰማኝ፤ አሁን ይዣቸው እየወጣሁ ነው እንደማለት። ታች ለሚጠብቁት ልጆችና የልጅ ልጆች «እየመጡ ነው» ብሎ ነገራቸው። ሽማግሌው ሞባይል አይዙም። የሚቀይሩት አውሮፕላን አምልጧቸው ለካ ሌላ ከተማ ቁጭ ብለዋል።

ብዙ ቆይቼ ባዶ ዊልቸሬን እየገፋሁ ብቅ ስል፣ ሕፃናቱ ከሩቅ ወንበሩን ብቻ አይተው አጨበጨቡ። ቀረብ ስል ጭብጨባው አንድ በአንድ እየከሰመ ሄደ። ያን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል።

ሰውዬው ቢሮው አስጠራኝ። መልኩን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከድምፁ ያነሰ ሰው ነው።

«ናውት ማለት ምንድን ነው? የአገርሽ ቋንቋ ነው?» አለኝ።

«እንግሊዝኛ ነው» አልኩት።

«የእኔ እንግሊዝኛ ውስጥ የለም» አለ።

ተናደድኩ። ቤተሰቡን ማስቆሜ አሳፍሮኛል፤ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛዬን ከማንም በተሻለ ምንጭ የቀዳሁ ይመስለኝ ነበር።

ምንጩ ይሄ ነው። አዲስ አበባ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ወንድሜ ያገለገለ ስልክ ገዛልኝ። ስልኩ ውስጥ ከቀድሞ ባለቤቱ የተረሳ ሚሞሪ ነበር፤ ሚሞሪው ውስጥ ደግሞ ዘጠኝ ዘፈን። የዘፋኝ ስም የለ፣ የዘፈን ርዕስ የለ፤ ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት እያለ እስከ ዘጠኝ ይሄዳል። ጊታር ነው፣ ድራም ነው፣ ጩኸት ነው። የሚዘፍነው ልጅ ከእኔ ቢበልጥ በሁለት በሦስት ዓመት ነው። ጉንፋን የያዘው ይመስላል፣ ይቸኩላል፣ ቃሉን እንደ ቆሎ ይቆረጥመዋል። ስለ ዝናብ ይዘፍናል፤ ስለማይመጣ አውቶቡስ ይዘፍናል፤ ድንች ጥብስ ስለምትሸጥ፣ ዞር ብላ ስለማታየው ልጅ ይዘፍናል። የሰፈሬን ልጆች የማውቃቸውን ያህል አወቅሁት።

የእንግሊዝኛ መምህራችንን አሰማኋቸውና «እነዚህ እንግሊዞች ናቸው፤ ከሰሜኑ በኩል ሳይሆኑ አይቀሩም» አሉኝ። ከዚህ ሁሉ ጆሮዬ የገባው «እንግሊዞች» የሚለው ብቻ ነው። እንግሊዝኛ የእንግሊዞች ነው፤ እንግሊዝ ደግሞ በእንግሊዝኛ አይሳሳትም። ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈለግሁም።

የሂሳብ ደብተሬን ከጀርባው ጀምሬ የሰማሁትን በራሳችን ፊደል መጻፍ ያዝኩ። እኛ ባስ የምንለውን ልጁ «ቡስ» ይለዋል፤ «ቡስ» ብዬ ጻፍኩ። ላቭ «ሉቭ» ነው። ካም «ኩም» ነው። እናቱ «ማም» ናት። አንድ ነገር «ሰመት»፣ ምንም «ናውት»፣ አመሰግናለሁ «ታ»። ታ በተለይ ደስ አለችኝ። እኛ ሰባት ፊደል የምናወጣበትን ምስጋና እነሱ በአንድ ፊደል ጨርሰው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ትርጉሙን ከዘፈኑ እገምታለሁ፤ የቀረውን መምህራችንን እነዘንዛለሁ።

ትራክ አራት የሚባለው ግን ልዩ ነበር። ዘፈኑ መሀሉ ላይ ይቆማል። ድራም የሚመታው ልጅ እንጨቱ ያመልጠዋል፤ ወለሉ ላይ ሲንከባለል ይሰማል። አንዱ ይስቃል። ዘፋኙ አንድ ጊዜ ያስልና «ሶሪ። ፍሮም ቶፕ» ይላል፤ ይቅርታ፣ ከላይ እንጀምር ማለቱ ነው። ከዚያ እስከ አራት ተቆጥሮ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይነሳል። እኔ ይሄ ስህተት መሆኑ አልታየኝም። ዘፈኑ እንዲህ ተደርጎ የተሠራ መስሎኝ ሳሏን ጭምር በቃሌ ያዝኳት።

ያኔ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አባል ነበርኩ። በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ዜናና ግጥም፣ የጠፋ ደብተር ማስታወቂያም ሳይቀር የምናነብ እኛ ነን። ቤት ውስጥ ነገረኛ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ ኩርፊያ ይቀናኛል፤ ማይክ ስይዝ ግን ደግ ሰው እሆናለሁ። በእንግሊዝኛ ቀን ታዲያ የትራክ አራትን ግጥም እንደ ንግግር ይዤ ቀረብኩ። ቦታው ሲደርስ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ አሳልኩ፣ «ሶሪ፣ ፍሮም ቶፕ» አልኩ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ርዕሰ መምህሩ ማይኩን ተቀብለው «ልጆች፣ ተሳስታ ስትነሳ አያችሁ? ይሄ ነው ወኔ!» አሉ። እኔ አልተሳሳትኩም ነበር፤ ግን እሳቸውንም አላረምኳቸውም።

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ስመጣ ያረፍኩት ከከተማዋ ዳር ባለችው ጋሃና፣ አክስቴ ቤት ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት። በሱዳን በኩል ወጥታ ካምፕ ኖራ፣ እዚህ ከደረሰች በኋላ ቢሮ ስታጸዳ ከርማ፣ ዛሬ የራሷ ቤትና የራሷ የጽዳት ድርጅት አላት። ቤቷ ከኤርፖርቱ ቅርብ ነው፤ ሰዓት የምትቆጥረው በአውሮፕላን ነው። «የአትላንታው አለፈ፣ ተነሺ እንጂ!» ብላ ትቀሰቅሰኛለች። የዊልቸሩን ሥራ ያገኘችልኝም እሷው ናት።

ሥራው ክፉ አልነበረም። ሽማግሌና አሮጊት መግፋት ለእኔ ምርቃት መሰብሰቢያ ነው። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዊልቸር የሚገፋ ሰው አይታይም። ሰው ከተቀመጡት ጋር ያወራል፣ ካልሆነም በራሴ ላይ አሻግሮ ያወራል። ቀኑን ሙሉ አስር ቃል ሳልናገር የምወጣባቸው ቀናት ነበሩ። በየመሳፈሪያው በር ግን ማይክ አለች፤ ጥምዝምዝ ጥቁር ገመድ ያላት፣ ለእጅ የምትመች ትንሽ ማይክ። የበር ሠራተኛዋ አንስታ ስትናገር መቶ ሰው ቀና ይላል። እኔ ወንበሬን ይዤ ከጎን ቆሜ እቀናለሁ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ያቺን ማይክ እንደዚያ የተመኘሁትን ያህል አሜሪካንንም አልተመኘኋት።

እንዲህ እያለሁ ነው ኩባንያው ከገፊዎች መካከል የበር ሠራተኛ እንደሚወስድ ማስታወቂያ የለጠፈው። ፈተናው ቃለ መጠይቅና ጥሪ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። ለአክስቴ ስነግራት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«በዚህ አፍሽ?» አለች። «ቤተሰብ በር ላይ ያስገተርሽበት አፍ እኮ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ቡስ፣ ቡስ እያልሽ ኢንተርቪው ልትገቢ?»

«እትዬ፣ ትክክለኛው እኮ ቡስ ነው።»

«እሱን ለጋሼ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ጋሼ የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ ናቸው። አገር ቤት ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው፣ እዚህ መኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ሲሠሩ ጡረታ የወጡ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በክራባት ይመጣሉ። በአክስቴ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን አፌን ያስከፍቱኛል።

«ባስ በይ።»

«ቡስ።»

«ባ! ባ! እንደ ባቄላ።»

«ባ… ስ።»

«ይሄን ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከእንግሊዝ።»

«እንግሊዝ እንዲህ አይናገርም!» ይላሉ ቆፍጠን ብለው።

ጋሼ እንግሊዝ ሄደው አያውቁም። እኔም አላውቅም። ሁለታችን ጋሃና ተቀምጠን በማናውቀው አገር አፍ እንጣላ ነበር። ደግሞ የተጻፈውን ፊደል ሁሉ ማሰማት ይወዳሉ፤ «ፊደሉ የተጻፈው ሊነበብ ነው» ይሉኛል፣ አንዱን ከዘለልኩ እንደገና ያስጀምሩኛል።

ስድስት ቅዳሜ ተማርኩ። ጸዳሁ። ሬዲዮ ላይ በናውት ፈንታ «ኔጋቲቭ»፣ ገባኝ ለማለት «ኮፒ» ማለት ጀመርኩ፣ ታ ተረሳች፣ ማም ማዘር ሆነች። ችግሩ፣ አንድ ነገር ልናገር ስል መጀመሪያ የሚመጣው የልጁ ቃል ነው። እሱን እመልሰዋለሁ፣ የጋሼን እፈልጋለሁ፣ እስካገኘው ሰዉ ሄዷል። አክስቴ ግን ደስ ብሏታል። «አሁን ሰው ሆንሽ» ትለኛለች።

የቃለ መጠይቁ ቀን የተቀበለችኝ ሥራ አስኪያጅ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ የሰካች ቀጭን ሴት ናት። ደግ ነበረች፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ሰጠችኝ። ክቡራትና ክቡራን ይላል፣ የበረራው ቁጥር አለ፣ ከዚያ የሚሄድበት ከተማ፤ ሉዊቪል። ይቺ ከተማ ስትጻፍ መሀሏ ላይ ኤስ አለባት፣ ስትጠራ ግን የለባትም። በየቀኑ ስትጠራ እሰማታለሁ፣ አሳምሬ አውቃታለሁ። ዓይኔ ፊደሏ ላይ ሲያርፍ ግን ጋሼ መጡብኝ። «ሉዊስ…» አልኩ።

ቆምኩ። ስህተት መሆኑን አወቅሁ፤ የሚቀጥለው ቃል ግን የለም። የልጁም የለም፣ የጋሼም የለም፣ የአማርኛም የለም። ሴትዮዋ ጠበቀችኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲሄድ ይሰማል።

«ውሃ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ።

ውሃውን ጠጣሁ። ፈተናዬ በዚያው አለቀ። ስትሸኘኝ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና አፕላይ ማድረግ እንደምችል ነገረችኝ። ከዚያ ዊልቸሬን ይዤ ሊፍት ውስጥ ገባሁና አለቀስኩ። ሰው ሲገባ አቆማለሁ፣ ሲወርድ እቀጥላለሁ፤ ሦስት ጊዜ ወርጄ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው በእኔ ደረሰ። ከዚያ የባሰው ደግሞ የድሮው አፌም አብሮ መጥፋቱ ነው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

አክስቴ ሴት ልጅ አለቻት፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ በእንግሊዝኛ ሳናግራት ደግሞ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ታጠብቃለች። አንድ ቤት እየኖርን የተባባልነው ቃል ቢቆጠር ከጣት አያልፍም። ከፈተናው ሁለት ሳምንት በኋላ ግን አክስቴ የመኪናዋን ጎማ እንድናስጠግን ሁለታችንን ክሊቭላንድ አቬኑ ወደሚባለው መንገድ ላከችን። ጎማ የሚሠራው ሰውዬ የአገር ልጅ ነው፤ ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው። በሩ ላይ ባሉት የፕላስቲክ ወንበሮች ተቀመጥን። እሷ ስልኳን ትነካካለች። እኔ ሳላስበው ትራክ አራትን አንጎራጉራለሁ። ቦታው ደረሰ፤ ቆምኩ፣ አሳልኩ፣ ቀጠልኩ።

ልጅቷ የአንድ ጆሮዋን ማዳመጫ ነቀለች። «ዌይት። ይሄን ዘፈን ከየት አወቅሽው?» አለች በእንግሊዝኛ።

«የእኔ ዘፈን ነው።»

«ሃው ኢዝ ኢት ዮርስ?» አለችና ስልኳን አዞረችልኝ።

ዘፈኑ ወጣ። ልጁ ራሱ ነው! ግን ጉንፋኑ ለቆታል። ጊታሩ ተወልውሏል፣ ድራሙ እንደ ሰዓት ይሄዳል። ለካ እነዚያ ልጆች አድገው፣ ስታዲየም የሚሞሉ ሰዎች ሆነዋል፤ ልጅቷም ፖስተራቸውን መኝታ ቤቷ ለጥፋ ስንት ጊዜ በበሩ አልፌአለሁ። ደስ እያለኝ እንጨቱ የሚወድቅበትን ቦታ ጠበቅሁ። እንጨቱ አልወደቀም። ዘፈኑ ምንም እንዳልተፈጠረ በላዩ ላይ አለፈ።

«የት ሄደ?» አልኳት።

«ዋት?»

«ሳሉ ነዋ!»

እንደ እብድ አየችኝ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስልክ በቀየርኩ ቁጥር አብረውኝ የተዘዋወሩትን ዘጠኝ ዘፈኖች አወጣሁና ትራክ አራትን ከፈትኩላት። እንጨቱ ወደቀ። ተንከባለለ። አንዱ ሳቀ። ልጁ አሳለ። የአክስቴ ልጅ ጮኸች፤ የጎማ ሠራተኛው ክብ ጎማ እንደያዘ ዞሮ አየን።

ከዚያ ነው የነገረችኝ። ይሄ የመጀመሪያ ቅጂያቸው ነው። ማንም ሳያውቃቸው፣ በአንዳቸው ቤተሰብ ጋራዥ ውስጥ ቀድተው ለጓደኛ ለጓደኛ ያደሉት። ስለ እሱ አንብባለች እንጂ እንዲህ ከነሳሉ ሰምታው አታውቅም። ያ ቦታ ግጥም አይደለም፤ ድራም መቺው በእውነት እንጨቱን ጥሎት ነው። እኔ በእንግሊዝኛ ቀን ቆሜ ያሳልኩትን፣ ርዕሰ መምህሩ ያሉትን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ።

ደግሞ «ናውት»ን ጠየቅኋት። በዚያ በሰሜን እንግሊዝ በእርግጥ እንዲህ ነው የሚወራው አለችኝ። አልበሙን እንደገና ከፈተችልኝ። ሳሉን ቆርጠውታል፣ ናውት ግን አለች፤ ቡስም አለች። ስታዲየም ሙሉ ሰው ቡስ ይልላቸዋል።

«የትኛው ይሻላል?» አልኳት። ሁለቱን ቅጂ ማለቴ ነው።

«ዲስ ዋን» አለች የእኔን ስልክ እየነካች። ለምን ብዬ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ጀመረች፣ ተወችው፣ አሰበች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ መለሰችልኝ። «እንደሚሆንላቸው ገና አላወቁም። አያቁም። ግን ይዘፍናል… ይዘፍናሉ።»

አማርኛዋን አላረምኩትም። ጎማው እስኪያልቅ ዘጠኙንም ዘፈን ሰማን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ሲመጡ ትራክ አራትን ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ባስ ነው እንጂ ቡስ አይደለም» አሉ መጀመሪያ። ቆየት ብለው ክራባታቸውን አላሉ። «ልጁ ግን አያፍርም። እኔ እንዲህ ሳላፍር ተናግሬው አላውቅም» አሉ። ከዚያ በኋላ ይመጡ የነበረው ለወሬ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሰልጣኜ ሆነች። ጋራዡ ውስጥ፣ በመኪናውና በሳር ማጨጃው መካከል አቁማኝ፣ የበር ጥሪ እያስነበበች በስልኳ ትቀዳኛለች። እሳሳታለሁ፣ «አጥፊው» እላለሁ፣ «ኖ» ትላለች። ቅጂዎቹን ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት እያለች እስከ ዘጠኝ ስም አወጣችላቸው። ሉዊቪል በሰባቱ ላይ አንቃኛለች። አክስቴ ከላይ ሆና «እናንተ እዚያ ምንድን ነው የምታሳስሉት? ጉንፋን ነው እንዴ?» ትላለች።

ሦስት ወሩ ሞላና እዚያው ክፍል፣ እዚያችው ሴትዮ ፊት ቆምኩ። ያው ወረቀት ነው። ክቡራትና ክቡራን አልኩ፤ የበረራውን ቁጥር አልኩ። ከተማዋ ጋ ስደርስ፣ እንዲያ ተለማምጄ፣ ያችው ኤስ ምላሴ ላይ ተቀመጠች። «ሉዊስ…»

የግድግዳው ሰዓት ይሰማኛል። ሴትዮዋ እጇን ወደ ውሃው ላከች። ከዚህ ከወጣሁ ሦስተኛ እንደማልመጣ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ኩርፊያዬ አያስመጣኝም። ያኔ ነው ሳሉ ራሱ የመጣው። አስቤበት አይደለም። አሳልኩና፣ በዚያ ልጅ ድምፅ፣ «ሶሪ። ፍሮም ቶፕ» አልኩ። በልቤ እስከ አራት ቆጠርኩ። ከክቡራትና ክቡራን ጀመርኩ። የሚያነበው የሚኒ ሚዲያዋ ልጅ ድምፅ ነበር፤ ግቢውን ሁሉ የምታስተናግደው። ሉዊቪል እንደ ቅቤ አለፈች። ቁጥር ሲመጣ «ኑምበር» አልኩ እንጂ «ናምበር» አላልኩም። ግድ አልነበረኝም።

ሴትዮዋ መነጽሯን ከጸጉሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገች።

«የት ነው ያደግሽው?»

«አዲስ አበባ።»

«እንግሊዝኛውንስ?»

«ሰሜን እንግሊዝ» አልኩ። አልዋሸሁም።

ሳቀች። ከዚያ ሰው ሁሉ ሲሳሳት አጉተምትሞ እንደሚያልፈው፣ መንገደኛውም ምን እንደተባለ ሳይሰማ እንደሚቀር ነገረችኝ። «አንቺ ተመልሰሽ ከመጀመሪያው አነበብሽው። በር ላይ የምፈልገው እሱን ነው» አለች። እንደምትደውልልኝ ተናግራ ሸኘችኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ ኮል አደረገችኝ። ወጥ ቤት ቆሜ ነበር። ስልኩን ስዘጋ አክስቴ ፊቴን አይታ ገባት። እልልታዋን አቀለጠችውና ወዲያው ደግሞ ወደ ራሷ ተመለሰች። «ድሮስ ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም! ቡስ እያለች ገባችላቸው!» አለች። ልጅቷ ከፎቅ እየሮጠች ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

የመጀመሪያዬ በረራ ከሰዓት በኋላ ነው። የአክስቴ ልጅ ጥሪዬን ካልቀዳሁ እንደማታናግረኝ ስለማለች ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይቀዳል። ማይኳን አነሳሁ። ከሩቅ ከማያት ይልቅ ከበድ ትላለች። መቶ ያህል ሰው ቀና አለ። የጥሪው የመጀመሪያ መስመር ምን እንደሚል ለወራት ከጎን ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚጠሩት በዊልቸር ያሉት ናቸው። አብራኝ ስትገፋ የነበረች የሐረር ልጅ አንዲት አሮጊት ይዛ ግድግዳው ሥር ቆማለች። የእሷን ወንበር ነው መጀመሪያ የጠራሁት። አንድ ቦታ ላይ ተደናቀፍኩ፤ ይቅርታ ብዬ ከላይ ጀመርኩ። ልጅቷ አሮጊቷን እየገፋች በፊቴ ስታልፍ ጠቀሰችኝ።

ሰዉ ሁሉ ገባ። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ያ ከድምፁ የሚያንሰው ሰውዬ ነው።

«በሩ ላይ የሚጠብቅ ሰው አለ?» አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ መስኮቱ ሥርም ሰው የለም። ኔጋቲቭ የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ነበር።

«ናውት» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ዝምታውንም ቀድቶታል፤ የአክስቴ ልጅ ትራክ አሥር ብላ ባስቀመጠችው ላይ ይሰማል። ከዚያ ሬዲዮው እንደገና ተከፈተ።

«ኮፒ» አለ ሰውዬው። «ናውት። በሩን ዝጊው።»

ዘጋሁት።